ልጄ የከለከለችኝ እንክብል

በሁለት እግሬ ቆሜ ለማመስገን ያበቃኝ አምላክ ስሙ ይክበር። ምስጋና ብቻውን ግን ለታመመ ሰው መንገድ አያሳይም፤ ስለዚህ የታመምሁትን ሕመም፣ የተሳሳትሁትን ስሕተትና የዳንሁበትን ሁኔታ ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ከሁሉ ይልቅ እንዲያነቡልኝ የምመኘው እንደ እኔ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጾም የሚያጠብቁ፣ ለሥራቸው ሲሉ ለረጅም ሰዓት የሚቀመጡና የሚቆሙ ሰዎች ናቸው።

አንኮበር ውስጥ ካሉት አድባራት በአንዱ አቋቋም አስተምራለሁ። አቋቋም ካህናት በማኅሌት መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ እግራቸውን፣ ወገባቸውንና እጃቸውን ከዜማው ጋር አስማምተው የሚያገለግሉበት ሥርዓት ነው። የድጓ መምህር ተቀምጦ ማስተማር ይችላል። የአቋቋም መምህር ግን መቆም አለበት፤ ተማሪው የሚቀዳው ከእግሩ ነውና። አርባ ዓመት ቆሜ አስተምሬአለሁ፤ ከእጄ የወጡ መሪጌቶች ከመዘዞ እስከ እነዋሪ ባሉ ደብሮች ያገለግላሉ። በዚህ ነገር ትሕትና አይሆንልኝም፤ የንስሐ አባቴም ያውቁታል። ሕመሙ የመጣው በዚሁ በምመካበት እግሬ ላይ ነው።

ያን ክረምት አንድ ያረጀ የዝማሬ መጽሐፍ በብራና ስገለብጥ ከረምሁ። መደብ ላይ ግራ እግሬን አጥፌ፣ ብራናውን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ከቦታዬ ሳልነሣ እጽፍ ነበር። ጾመ ፍልሰታ ስለነበረ ውኃም በቀን አንድ ጊዜ ብጠጣ ነው። መጽሐፉ በጳጉሜን አለቀ። በመስከረም አንድ ቀን ጭቃ ስለነበረ የፕላስቲክ ቦት ጫማዬን ላጠልቅ ብል፣ ቀኙ ገባ፣ ግራው እምቢ አለ።

ባለቤቴ አስካለ አየችኝ።

«መሪጌታ፣ እግርዎ አብጧል እኮ።»

«ጫማው ጠቦ ነው።»

«አልጋ ሥር ተቀምጦ ይጠብባል እንዴ? ያውም አንዱ ብቻ?»

ነጠላ ጫማ አድርጌ ሄድሁ። ባቴ ከበድ ይለኝ ነበር፤ ስጫነው ያመኛል፤ በእጄ ስዳስሰው ከቀኙ ይልቅ ይሞቃል። ሳምንት ካለፈ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። እዚያ ያገኘሁት ባለሙያ እግሬን ሱሪዬን ሳያስወልቀኝ ተመለከተና፣ «አባ፣ የአንኮበር ብርድ ነው፤ ቁርጥማት ይባላል» ብሎ የሚቀባ መድኃኒት ሰጠኝ። ቀባሁት። እብጠቱ ወደ ጉልበቴ ወጣ። ከዚያ ደብረ ብርሃን ወርጄ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ደም ወሰዱና «ሪህ ነው፤ ሥጋ ይተው» አሉኝ። እኔ በዓመት ስንት ቀን ሥጋ እንደምቀምስ ብነግራቸው ይገርማቸው ነበር። የሰጡኝን ኪኒን አሥር ቀን ዋጥሁ፤ እብጠቱ ጉልበቴን አለፈ።

በመጨረሻ አቶ ሽፈራው የሚባሉ ወጌሻ ተጠሩ። ሽፈራው የአገራችን ሰው ሁሉ ስብራቱን የሚያሳያቸው፣ እጃቸው የተመሰገነ ሰው ናቸው፤ በክፋት እንዳላደረጉት አስቀድሜ ልመስክር። ቅቤ አቅልጠው፣ ከቁርጭምጭሚቴ ጀምረው ወደ ላይ እየጨመቁ ግማሽ ሰዓት አሹኝ። በማግሥቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን ዳገት ስወጣ ትንፋሼ አጠረ፤ ጎኔንም መርፌ እንደወጋው ያለ ነገር ሰቅዞ ያዘኝ። ዕድሜ ነው ብዬ አለፍሁት። ያ መርፌ ምን እንደነበረ ባውቅ ኖሮ እዚያው መንገድ ላይ ተንበርክኬ እጸልይ ነበር።

እዚህ ላይ የመጨረሻ ልጄን ስምረትን ማስተዋወቅ አለብኝ። ስምረት ደብረ ብርሃን በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ የምታጠናውም በዓይን የማይታዩ ሕያዋንን፣ ባክቴሪያ የሚባሉትን ነው። ለትምህርት ወደ ሩቅ ምሥራቅ አገር ሄዳ ብዙ ዓመት ተቀመጠች። የዚያ አገር ሰዎች ዓሣንና ሽሪምፕ የሚባል አንበጣ የመሰለ፣ ብዙ እግር ያለው የባሕር ፍጥረት በጨው አድርገው በገንቦ ያብላላሉ። ሲብላላ በውስጡ የሚባዙት ባክቴሪያዎች ኢንዛይም ያመነጫሉ። ኢንዛይም ማለት ራሱ ሕይወት የሌለው፣ ነገር ግን አንድን ነገር ለይቶ የሚቆራርጥ እንደ መቀስ ያለ ነገር ነው። ከእነዚያ መቀሶች አንዱ የረጋ ደምን ይቆርጣል፤ የልጄ ጥናት በእርሱ ላይ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ አፍርበት ነበር። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት በሕጋችን አይበላም። የመሪጌታ ልጅ በባሕር አንበጣ ዶክተር ሆነች እያሉ በማኅበር ሲቀልዱብኝ ነገሩን ወደ ሌላ አዞር ነበር።

አቶ ሽፈራው ለሁለተኛ ጊዜ ሊያሹኝ የመጡት ቅዳሜ ቀን ነው። ቅቤውን እጃቸው ላይ አድርገው ጎንበስ እንዳሉ ስለ እግሬ ከእናቷ በስልክ የሰማች ስምረት ከደብረ ብርሃን መጥታ በሩን ገፍታ ገባች።

«ጋሼ ሽፈራው፣ እጅዎን ያንሡ!»

«ምነው ልጄ? ገና መጀመሬ ነው።»

«አይንኩት። በአንድ ጣትዎ እንኳ አይንኩት።»

ሽፈራው ወደ እኔ ዞረው ሣቁ። «የኔታ፣ ይቺ ልጅዎ የተማረችው ስለ ባሕር አንበጣ ነው ሲሉ አልነበረም? ከመቼ ወዲህ ወጌሻ ሆነች?»

አልመለሰችላቸውም። ከእናቷ እንዝርት ላይ ፈትል በጥሳ የግራ ባቴን ለካች፤ ቋጠሮ አደረገችበት። በዚያው ክር ቀኙን ለካች። በሁለቱ ቋጠሮዎች መካከል የሦስት ጣት ያህል ርቀት ነበረ። ክሩን ዓይናችን ፊት ዘረጋችው።

«ሁለቱም እግር ቢያብጥ ሌላ ነገር እጠረጥር ነበር። ይኼ ግን አንዱ ብቻ ነው፤ ትኩስ ነው፤ ያማል። ደም ሥሩ ውስጥ ደም የረጋ ይመስለኛል። ሲታሽ ተቆርሶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል።»

«ሄዶስ ምን ያደርጋል?» አሉ ሽፈራው።

«ይገድላል፣ ጋሼ።»

 እኔም የዳገቱን መርፌ አስታውሼ ነገርኋት፤ ፊቷ ተለወጠ። ሽፈራው ቅቤውን ከእጃቸው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ሊያዝሉኝ ጎንበስ ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። «ይታዘሉ የኔታ። ያሸሁትን ያህል ልሸከምዎት» አሉኝ። እስከ መኪና መንገድ ድረስ አዝለውኝ ወጡ። አቶ ሽፈራውን ከዚያን ቀን ጀምሮ የማስታውሳቸው በዚያ ጀርባቸው ነው።

በሆስፒታሉ የመጠበቂያ አዳራሽ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ስምረት ወረቀት ለማውጣት ስትሄድ እኔ በሁለት ሰው መካከል ተቀመጥሁ። ካህን መሆኔን ያዩ በሽተኞች መስቀል ለመሳለም እየተነሡ መጡ፤ እኔም እንደ ልማዴ ልነሣ ስል አንዲት ነርስ ከሩቅ ጮኸችብኝ።

«አባ! ተቀምጠው ይባርኩ! ተቀምጠው የባረኩት አይደርስም ያለ አለ እንዴ?»

ሁሉም ሣቀ። ከአጠገቤ የነበሩት የአሊዩ አምባ ሴት፣ ልጃቸውን ሊያሳክሙ የመጡ ሙስሊም እናት፣ ሣቃቸውን ሲጨርሱ ከወንበሩ ወርደው መሬት ላይ ተቀመጡ። «እግርዎን እዚህ ይስቀሉ፣ አባ። ልጅዎ ከፍ ይበል ስትል ሰምቻለሁ» አሉኝ። ሻሻቸውንም አጥፈው ከተረከዜ በታች አደረጉ። አላህ ይማርዎ አሉኝ፤ እኔም ልጅዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ አልኋቸው። ስማቸውን ሳልጠይቅ ተጠራሁ፤ ይቆጨኛል።

የመረመረኝ ሐኪም ከሌላ አካባቢ መጥቶ ደብረ ብርሃን የተመደበ ወጣት ነው። እግሬን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ አልትራሳውንድ በሚባለው መሣሪያ እየጫነ ወደ ላይ ሄደ። ጤነኛ ደም ሥር ሲጫኑት ይተኛል፤ ደም የረጋበት ግን አይተኛም። የኔው ከጉልበቴ እስከ ጭኔ አጋማሽ ድረስ አልተኛም። ሐኪሙ ስምረትን ቀና ብሎ አያትና «ማን ነው ቀድሞ የጠረጠረው?» አላት።

«እኔ ነኝ።»

«ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም። የረጋ ደም በሳሕን ውስጥ ሳሟሟ ስምንት ዓመቴ ነው። የምጠላውን ነገር አውቀዋለሁ።»

ያን ጊዜ ልቤ ውስጥ የተሰማኝን ነገር በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ሊሰማው አይገባም ነበር። እግሬ አብጦ፣ ሳንባዬ ተወግቶ፣ እኔ ግን ኮራሁ።

ሆስፒታል ተኛሁ። ሆዴ ላይ መርፌ ይወጉኝ ነበር፤ ከዚያ ዋርፋሪን የሚባል ኪኒን ተጀመረልኝ። ይህ ኪኒን ደም በቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ መጠኑ ካነሰ ደሙ ይረጋል፣ ከበዛ ይደማል። ስለዚህ በየጊዜው ደሜ ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ ይለካል፤ ቁጥሩ ከሁለት እስከ ሦስት ባለው መካከል መዋል አለበት። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ ሁለት ነገር አጥብቆ ነገረኝ። አንደኛው፣ ደሙ ዳግመኛ ቢረጋ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው የደም ሥሩ በር ለዘለቄታው ሊበላሽና እግሬ ዳግመኛ ረጅም ሰዓት ለመቆም ላይሆን እንደሚችል፣ ወደ ሳንባዬ ከሄደም ሊገድለኝ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ «አደራ አባ፣ የቅጠል ምግብ ድንገት እንዳያበዙ፤ ድንገትም እንዳይተዉ» የሚል ነበር። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ። የመጀመሪያውን በልቤ ጻፍሁት፤ ሁለተኛው በጆሮዬ ገብቶ የት እንደወጣ አላውቅም።

ወደ አንኮበር ተመልሼ ወንበር ላይ ተቀምጬ ማስተማር ጀመርሁ። ከተማሪዎቼ ከፍ ያለው ይቆምና እኔ በቃል አርመዋለሁ። «ግራህን ሳብ፤ አይደለም፣ ሳብ አልሁህ እንጂ ጎትት አልሁህ?» እያልሁ እጮኻለሁ። እርሱም ከእኔ እግር እንጂ ከእኔ አፍ መማር አልለመደም፤ ሁለታችንም ተቸገርን። አስካለ በበሩ ታይና ትመለሳለች። አንድ ቀን፣ «መሪጌታ፣ ልጁን ለቀቅ ያድርጉት፤ እግሩ እኮ የራሱ ነው» አለችኝ።

በነቢያት ጾም የንስሐ አባቴ ስለ ሕመሜ ከጾም ፈቱኝ፤ ወተት ጠጣሁ፤ ቁጥሬም ደህና ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን እምቢ አልሁ። ሁዳዴን ሳልጾም የቀረሁበት ዓመት የለኝም። ኪኒኑን ማታ ከጾም በኋላ ስለምውጠው የሚያግድ ነገር አላየሁም። በጾሙ በሦስተኛው ሳምንት ደሜ ሲለካ ቁጥሩ ከሁለት በታች ወረደ።

«ኪኒን ዘልለዋል?» አለኝ ሐኪሙ።

«አርባ ዓመት ማኅሌት ያልዘለለ ሰው ኪኒን ይዘልላል?»

መጠኑን ጨመረልኝ። ከሳምንት በኋላም ቁጥሩ ዝቅ እንዳለ ነበር። ማታ ማታ እግሬ እንደገና ከበድ ይለኝ ጀመር። ያን ጊዜ ፈራሁ። ሞትን ፈራሁ ብል ግማሹን ብቻ መናገር ነው፤ ሌላው ግማሽ ተቀምጦ መኖር ነው። መድኃኒቱ ከዳኝ፣ ደሜም ከዳኝ አልሁ።

አቶ ጌታነህ እንክብሉን ያመጡልኝ በዚህ ጊዜ ነው። አቶ ጌታነህ የሰበካ ጉባኤያችን ሊቀ መንበር፣ ደግና ነገር የሚከታተሉ ሰው ናቸው። ከውጭ አገር የመጣ ዘመዳቸው የሰጣቸውን ጠርሙስ ከካፖርታቸው ኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«የኔታ፣ አስነብቤዋለሁ። ከተብላላ የባሕር ምግብ ባክቴሪያ የተሠራ ነው፤ የረጋ ደም ያሟሟል ይላል። የስምረት ነገር እኮ ነው! ያን ደም የሚያቀጥነውን ትተው ይኼን ይዋጡ። የልጅዎን ድካም እግዚአብሔር ለእርስዎ ሲያደርገው አይታይዎትም?»

ታየኝ። እጅግ ታየኝ። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሕጉ። የባሕር አንበጣ ነገር ወደ አፌ ይገባል ወይስ አይገባም? አሥር ቀን ይህን መረመርሁ። በትርጓሜ ትምህርት አንድን ነገር በብዙ ወገን እያዩ፣ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያሉ መፍታት የለመደ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያገኝ ሕመሙን ይረሳል። አንድም፣ ባክቴሪያው የሽሪምፑ ሥጋ አይደለም፤ ያደረበት እንግዳ ነው። አንድም፣ ኢንዛይሙ ባክቴሪያው አይደለም፤ ሥራው ነው። አንድም፣ መድኃኒት ማዕድ አይደለም፤ ለመጥገብ አይወሰድምና። ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ግን ይህ ነው፤ ንብ አትበላም፣ ማሯ ግን ይበላል።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ሣቁ። «የኔታ፣ ጠይቀውኝ ነው ወይስ አስተምረውኝ? ከንቧ በኋላ እኔ ምን እላለሁ?» አሉኝ።

ጠርሙሱን በኪሴ ይዤ ደብረ ብርሃን ወረድሁ። ስምረት ከምታስተምርበት ግቢ በር ላይ ተቀበለችኝ። እንደ ሊቅ ጉሮሮዬን አጽድቼ የደረስሁበትን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳኋት። ንቧ ጋ ስደርስ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«በጣም ያምራል፣ አባዬ።»

«እንግዲህ ፈቅጄዋለሁ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ኪኒኑን ትቼ ይህንን እውጣለሁ።»

«እርስዎ ፈቀዱት። እኔ ግን አልፈቅድም።»

የሰማሁትን አላመንሁም። «የአንቺ ሥራ አይደለም እንዴ?»

«የኔ ሥራ ስለሆነ ነው ገና መሆኑን የማውቀው። ይምጡ ላሳይዎት።»

ላቦራቶሪ ወደሚሉት የሥራ ክፍሏ ወሰደችኝ። ከማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ክብ የመስታወት ሳሕን አወጣች። በውስጡ እንደ ረጋ እርጎ ነጣ ያለ ነገር ተነጥፎበታል፤ በነጩ መካከል ግን አራት አምስት ጥርት ያሉ ክቦች አሉ፤ በእነርሱ በኩል ጣቷን አየሁት።

«ነጩ ደም ሲረጋ የሚሠራው የክር መረብ ነው። ጠብታ ያሳረፍሁበት ቦታ ሁሉ ኢንዛይሙ ክሩን ቆራርጦ አጠራው። ይኼን በመጀመሪያ ያየሁ ቀን አልቅሻለሁ። ግን ሳሕን ሰው አይደለም፣ አባዬ። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ሲዋጥ ሆድ እንደ ማንኛውም ምግብ ሊፈጨው ይችላል። ከሆድ ተርፎ ደም ውስጥ ቢደርስ ደግሞ የት እንደሚቆም አላውቅም፤ ቁስል የሚዘጋውንም ክር አብሮ ሊቆርጥ ይችላል። ከኪኒኑ ጋር ቢገናኝ ጭንቅላትዎ ውስጥ ሊደሙ ይችላሉ። ኪኒኑን ከተዉት ደግሞ ደሙ ሊረጋ ይችላል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው በውስጡ መኖሩንስ ማን ለካው?»

«ስምንት ዓመት ደክመሽ ለአባትሽ አይሆንም ትያለሽ?»

«ለማንም አይሆንም፤ አባቴ ስለሆኑ አይለወጥም።»

 አንድ ተማሪ ቀለሙን ሳይጨርስ፣ መምህሩ ፈትኖ ሳይመሰክርለት በማኅሌት ፊት አላቆምም፤ የወንድሜን ልጅ እንኳ ወንድሜ እየለመነኝ አላቆምሁትም። እነሆ ልጄ ያልጨረሰ ተማሪዋን በገዛ አባቷ ደም ፊት አላቆምም አለች። በሰው ፊት የሚያሳፍረኝ የመሰለኝ ሥራዋ ከእኔ ጉባኤ ቤት ሕግ የተለየ ሕግ የለውም። ጠርሙሱን ከኪሴ አውጥቼ በእጇ አኖርሁት። «ይሁን፤ እንግዲያው ለምን ቁጥሬ ወረደ?» አልኋት።

«ምን ይበላሉ?»

«ምንም አልበላም። ጾም ነው።»

«አባዬ፣ ከጾም በኋላ ማታ ምን ይቀርብልዎታል?»

«ሽሮ። ጎመን።»

«ጎመን በሳምንት ስንት ቀን?»

«በየቀኑ ነዋ! አስካለ ከጓሮ ትቀነጥባለች። ቀላል ምግብ ነው፤ ለበሽተኛ…»

እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጎመን ውስጥ ደም እንዲረጋ የሚያግዝ ቫይታሚን አለ፤ ዋርፋሪን የሚሠራውን ይሽርበታል። ሐኪሙ የነገረኝ ይህንኑ ነበር። እኔ ግን ምግብ ድንገት አትለውጥ ሲሉኝ ጾሙን አላሰብሁትም። በእኔ አእምሮ ጾም ምግብን መተው እንጂ ምግብን መለወጥ ሆኖ አያውቅም፤ ከአምስት ሳምንት በላይ በየማታው ጎመን ጠግቤ እያደርሁ ምንም አልበላሁም ብዬ አምን ነበር። ይህን ስሕተት የሚሳሳት እኔን የመሰለ ጾመኛ ብቻ ነው፤ እኔን የመሰለ ደግሞ በአገራችን ብዙ ነው።

በዚያው ቀን ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ስምረት ስትነግረው መጀመሪያ ሣቀ፤ ቀጥሎ ግን ደነገጠ። «ፋሲካ መቼ ነው?» አለ። የጎመኑን ነገር ሳያውቅ የጨመረውን መጠን እንዳለ ቢተወው፣ በፋሲካ ጎመኑ ሲቀርና ዶሮው ሲመጣ ደሜ ከልክ በላይ ይቀጥን ነበርና። ነገርሁት። የሚቀጥለውን ዓመት ፋሲካም ነገርሁት። የሐዋርያት ጾም ስንት ቀን እንደሚሆንም ጨመርሁለት።

«ይኼን ሁሉ ስልክ ሳይነኩ በቃልዎ ያውቁታል?»

«ባሕረ ሐሳብ ይባላል። የምታውቀውን የደም ቁጥር አንተ በቃልህ ታውቀው የለ?»

ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋና ወረቀት ሰጠኝ። የጾም ወቅቶችን ሁሉ እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ በቁም ጽሕፈት ጻፍሁለት፤ ከላይም «ዋርፋሪን የሚወስዱ ጾመኞች ሆይ፣ የምትበሉት ቅጠል ከጾም በፊትም ሆነ በጾም እኩል ይሁን፤ ከተለወጠ ለሐኪማችሁ ንገሩ» ብዬ በቀይ ቀለም ርእስ አደረግሁበት። የምርመራው ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፈው። በኋላ ስሄድ አንዲት ሴት እያነበበች «ይኼን የጻፈው ማሽን ነው?» ስትል ሰምቻለሁ። ቀስ ብዬ አለፍሁ።

ጎመኑን በልክ አደረግሁ፤ ጾሜን ጨረስሁ፤ ቁጥሬ ወደ ቦታው ተመለሰ። በግንቦት ሐኪሙ እንደገና ያን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ ደም ሥሬን ተጫነው። ተኛ። ከጭኔ እስከ ጉልበቴ ተኛ።

«እንግዲህ ኪኒኑ አሟሟው ማለት ነው» አልሁ።

«አይደለም አባ። ኪኒኑ እንዳይጨምር ነው የያዘው። ያሟሟው የራስዎ ሰውነት ነው።»

ወደ ስምረት ዞርሁ። «በእያንዳንዱ ሰው ደም ውስጥ የረጋን ደም የሚቆርጥ ኢንዛይም አለ፣ አባዬ» አለችኝ። «ቀስ እያለ፣ ወራት እየወሰደ ይሠራል።»

«አንቺ በባሕር ፍጥረት ውስጥ የምትፈልጊው ፈጣሪ አስቀድሞ በእኔ ደም ውስጥ አኑሮታል?»

«አኑሮታል። ግን አንጎሉ ውስጥ የረጋበት ሰው ወራት መጠበቅ አይችልም፤ ሰዓታት ነው ያለው። ለእርሱ አሁን ያለው መድኃኒት በሁሉም ቦታ አይገኝም። እኔ የምፈልገው ለእርሱ ነው።»

መስቀሌን አወጣሁ። «እንግዲያው ጨርሺው» አልኋት። ጎንበስ ብላ ተሳለመች፤ ሐኪሙም ከኋላዋ ተሰለፈ።

የደብራችን ዓመታዊ በዓል በሰኔ ይውላል። ሐኪሙ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳልቆም አዝዞኝ፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ጠባብ ካልሲ አድርጌ፣ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ከካህናቱ ጋር ቆምሁ። መቋሚያዬን አነሣሁ፤ እግሬም ታዘዘኝ። ወረቡን መራሁ። ከስምንት ወር በኋላ ተማሪዎቼ ዓይናቸውን ወደ እግሬ ጣሉ፤ እኔም ያላስተማርኋቸውን ሁሉ በአንድ ቀን ላሳያቸው የፈለግሁ ይመስል ነበር። ሕዝቡ እልል አለ። ጊዜው እንዴት እንደሄደ አላወቅሁም።

ስምረት ግን ታውቅ ነበር። ከሴቶቹ መካከል ወጥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የእጅ ሰዓቷን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና ከኋላዬ ያለውን ወንበር አመለከተችኝ። ወረቡ ገና በመካከል ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ወረብ በመካከል ትቼ ተቀምጬ አላውቅም። መቋሚያዬን ከአጠገቤ ለቆመው ተማሪዬ ሰጠሁና ተቀመጥሁ። ዝማሬው ሳይቋረጥ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ።

«የኔታ፣ ደከመዎ?»

«አልደከመኝም» አልሁት፣ በዙሪያዬ ያሉት ካህናት ሁሉ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ «ልጄ ተቀመጥ ብላኝ ነው።»